ማንነትን የሚቀበል ምክር፦ ከመጀመሪያው ሰላምታ ጀምሮ እንዴት እንደሚሰጥ

«ትናንት ማታ ደወለ… ደወለች ማለቴ ነው።»

እንዲህ ያለኝ አንድ ወጣት ነው። ሦስተኛ ቀጠሯችን ነበር። እስከዚያ ድረስ ስለ ፍቅረኛው ሲያወራ «አንድ ሰው» ከማለት አልፎ አያውቅም። ያን ቀን ከአፉ አመለጠው። የያዘውን የውሃ ጠርሙስ ወረቀት በጥፍሩ መላጥ ጀመረ። ዓይኑን ከጠርሙሱ አላነሳም።

«ወንድ ነው እንዴ?» ብዬ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ አራተኛ ቀጠሮ አይኖረንም ነበር። «ሲደወልልህ ምን ተሰማህ?» አልኩት። በዚህ ጥያቄ ውስጥ እሱም እሷም የሉም። ቀና ብሎ አየኝ። መስማቴን አወቀ፤ እንዳልፈረድኩበትም አወቀ። የቀረውን በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ነገረኝ። (ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።)

ይህ መመሪያ ለሥነ ልቦና አማካሪዎች ነው። ሰው አምኖ ምስጢሩን የሚነግራቸው ነርሶች፣ መምህራንና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችም ይጠቅማቸዋል ብዬ አስባለሁ። መነሻው አንድ ነው። ተመሳሳይ ፆታ ማፍቀር፣ ሁለቱንም ፆታ ማፍቀር ወይም ትራንስ መሆን (ሲወለዱ ከተመዘገበው ፆታ የተለየ የፆታ ማንነት መያዝ) በሽታ አይደለም። ሰውን የሚያመው በማንነቱ ምክንያት የሚሸከመው ጫና ነው። የአማካሪው ሥራ ያለው እዚያ ሸክም ላይ ነው።

1. በቅድሚያ ራሳችሁን ፈትሹ

ማስታወሻ ደብተር አውጡና ብቻችሁን ተቀመጡ። ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መጀመሪያ የሰማችሁት መቼ ነው? ከማን? በምን ቃል? የተናጋሪው ፊት ምን ይመስል ነበር? ነገ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ ቢነግራችሁ ከአፋችሁ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ምንድን ነው?

መልሱን ለማንም አታሳዩም፤ ስለዚህ ሳታሳምሩ ጻፉት። እኔ ይህን ስሠራ ያገኘሁት ነገር አስደንግጦኛል። በአፌ «እቀበላለሁ» እያልኩ፣ ሆዴ ውስጥ ግን «ምነው ባይሆን» የሚል ነገር ተቀምጦ ነበር። ተመካሪዎች ይህን ያሸቱታል። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ፊት ሲያነቡ የኖሩ ናቸው።

ፈትሻችሁ «እኔ ይህን አልችልም» ካላችሁ ሰውየውን በሐቀኝነት ወደሌላ ባለሙያ አስተላልፉ። አባባላችሁ ግን ጥፋቱን እሱ ላይ እንዳይጥል ተጠንቀቁ። «ለዚህ ጉዳይ በቂ ሥልጠና የለኝም፤ በደንብ የሚረዳህን ሰው ላገናኝህ» ማለት ይበቃል። እስኪገናኝ ድረስም አትልቀቁት።

2. ሳይንሱ የት እንደደረሰ እወቁ

ብዙዎቻችን «በሽታ ነው» የሚለውን ከየት እንዳመጣነው አናውቅም። በሙያው ውስጥ ጉዳዩ እልባት ካገኘ ቆይቷል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1957 ኤቭሊን ሁከር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድ ጥናት አሳተመች። ለ30 ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ እና ለ30 ተቃራኒ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች የሥነ ልቦና ምርመራ ሰጥታ፣ ውጤቱን የማን እንደሆነ ሳትናገር ለታወቁ ባለሙያዎች አቀረበች። ባለሙያዎቹ የትኛው ውጤት ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት አልቻሉም። በ1973 የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር ተመሳሳይ ፆታ ማፍቀርን ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝሩ ሰረዘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ተከተለ። በ2019 የጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዚሁ ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ደግሞ ከትራንስ ሰዎች ጋር የሚያያዘውን ክፍል ከአእምሮ ሕመም ምዕራፍ አውጥቶ ወደ ወሲባዊ ጤና ምዕራፍ አዛውሮታል።

ይህን ለተመካሪው እንደ ትምህርት አታንብቡለት። «እኔ በሽተኛ ነኝ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ቀን ግን ይመጣል። ያን ቀን መልሱ ሳይንተባተብ ከአፋችሁ መውጣት አለበት።

3. ሦስቱን ነገሮች አትደበላልቁ

አንደኛው አካል ነው፤ ሰው ሲወለድ የተመዘገበለት ፆታ። ሁለተኛው የፆታ ማንነት ነው፤ ሰው ራሱን በውስጡ ማን ብሎ እንደሚያውቅ። ሦስተኛው ዝንባሌ ነው፤ ልቡ ወደ ማን እንደሚያዘነብል። አንዱ ሌላውን አይወስንም። ትራንስ የሆነች ሴት ወንድ ልታፈቅር ትችላለች፣ ሴትም ልታፈቅር ትችላለች። ኢንተርሴክስ ሰዎች ደግሞ የወንድ ወይም የሴት ከሚባለው የተለመደ የአካል አፈጣጠር የሚለይ ተፈጥሮ ይዘው የሚወለዱ ናቸው፤ ስለ ዝንባሌያቸው ከዚህ ተነስቶ ምንም ማለት አይቻልም።

4. ቋንቋችሁን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አማርኛ ለአማካሪ ከባድ ፈተና ነውና። ገና «እንዴት ነህ» ወይም «እንዴት ነሽ» ስንል በሰውየው ፆታ ላይ ወስነናል። ግሡ ሁሉ ይወስናል፦ መጣህ፣ መጣሽ፤ ተኛህ፣ ተኛሽ። ትራንስ የሆነ ሰው ባንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ጊዜ ባልሆነው ፆታ ሊጠራ ይችላል፤ ያውም ሊያግዘው በተቀመጠ ሰው።

ስለዚህ በ«እርስዎ» ጀምሩ። «እርስዎ» ፆታ የለውም። ለልጅ እግር ወጣት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የምትቆዩበት። ከዚያ በቀላሉ ጠይቁ፦ «ስናወራ አንተ ልበል፣ አንቺ ልበል፣ ወይስ እርስዎ ይሻላል? በምን ስም ልጥራ?» ጥያቄውን ለሁሉም ተመካሪ ጠይቁ፤ ለሚያጠራጥራችሁ ብቻ ካደረጋችሁት ጥያቄው ራሱ ጣት መቀሰር ይሆናል። (እኔም ይህን ጽሑፍ በ«እናንተ» የምጽፈው ለዚሁ ነው።)

ሁለተኛውን ጥያቄ ብዙዎች ይረሱታል፦ «ስልክ ስደውል ወይም ሌላ ሰው ባለበት ምን ልበል?» ክፍላችሁ ውስጥ «አንቺ» መባል የምትፈልግ ሰው፣ እናቷ ስልኩን ልታነሳ በምትችልበት ሰዓት «አንተ» እንድትሏት ትለምናችሁ ይሆናል። ሁለቱንም መዝግቡ።

ስለ ሦስተኛ ሰው ስታወሩም እንዲሁ። «የወንድ ጓደኛ አለሽ?» ብሎ መጠየቅ በሩን መዝጋት ነው። «ልብሽ ውስጥ ያለ ሰው አለ?» በሩን ይከፍታል። «ፍቅረኛ» ጥሩ ቃል ነው፤ ለሁሉም ይሆናል። ቅጻችሁ ላይ «ባል/ሚስት» የሚል ካለ «የሕይወት አጋር» በሉት። «ወንድ/ሴት» የሚል ሳጥን ብቻ ካለ ደግሞ ሰው በራሱ ቃል የሚሞላው ባዶ መስመር ጨምሩበት።

«ግብረ ሰዶም» የሚለውን ቃል ከእናንተ አፍ አታውጡ። ቃሉ ራሱ ፍርድ ተሸክሟል። «ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» ያለፍርድ ይገልጻል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ተመካሪው ስለራሱ የሚጠቀመው ቃል ነው፤ ጌይ ካለ ጌይ፣ ሌዝቢያን ካለች ሌዝቢያን፣ ምንም ስም ካልፈለገም ያለ ስም። ራሱን በዚያ ከባድ ቃል ሲሰድብ ብትሰሙት ለማረም አትቸኩሉ። «ይህን ቃል መጀመሪያ ከማን ሰማኸው?» በሉት። ብዙ ጊዜ ሙሉውን ታሪክ የምታገኙት እዚያ ነው።

5. ምስጢሩን በተግባር ጠብቁ

ከ60 በላይ አገሮች ተመሳሳይ ፆታ ባላቸው ሰዎች መካከል ያለን ግንኙነት በሕግ ይቀጣሉ። ሕግ ባይኖርም ቤተሰብ አለ፣ አሠሪ አለ፣ ጎረቤት አለ። «ምስጢር እጠብቃለሁ» የምትሉት ለወግ መሆን የለበትም።

ገና ምንም ሳይናገር፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች፣ ምን እንደምትጠብቁና ገደቡ የት እንደሆነ ንገሩት። ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ ወይም ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ ዝም እንደማትሉ ይወቅ። በምትሠሩበት ቦታ ሕጉ የሚያስገድዳችሁ ሌላ ነገር ካለም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ምን ያህል እንደሚነግራችሁ የሚወስነው እሱ ነው፤ ለመወሰን ደግሞ እውነቱ ያስፈልገዋል።

ማስታወሻ ስትይዙ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ጻፉ። «ከቅርብ ግንኙነት ጋር የተያያዘ ጭንቀት» የሚለው ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ፋይሉን ማን ያነባል? ጽዳት የሚሠራው ሰው ቁልፍ አለው? ኮምፒውተሩን የሚጋራችሁ አለ? የምትልኩት የቀጠሮ መልእክት ስለምን እንደሆነ አይናገር። መንገድ ላይ ብትገናኙም ቀድማችሁ ሰላም አትበሉ፤ እሱ ካለ መልሱ። ይህንን ግን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አለበለዚያ «አፈረብኝ» ብሎ ይሄዳል።

6. ለምን እንደመጣ ስሙ

ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆነ ሰው ሁሉ ስለዚያ ለማውራት አይመጣም። እንቅልፍ አጥቶ፣ ሰው ሞቶበት፣ ሥራ ሰልችቶት ሊመጣ ይችላል። ሁሉን ነገር ከዝንባሌው ጋር ማያያዝም ሌላ ዓይነት አለመስማት ነው። የማታውቁትን እንዲያስተምራችሁም አታድርጉ፤ እሱን በራሳችሁ ጊዜ አንብቡ።

7. ሸክሙን በወረቀት ላይ አውጡት

ኢላን ሜየር የተባለ ተመራማሪ በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ የዚህን ሸክም አሠራር በደንብ አብራርቷል። ከውጭ የሚመጣ አለ፦ ስድብ፣ ድብደባ፣ ከሥራ መባረር። ከውስጥ የሚሠራ ደግሞ አለ፦ ሁሌም መገፋትን መጠበቅ፣ መደበቅ፣ የሰማውን ጥላቻ በራሱ ላይ ማዞር። ይህ በተለመደው የኑሮ ጭንቀት ላይ የሚደረብ ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ባዶ ወረቀት ላይ አንድ ክብ እስላለሁ። ከክቡ ውጭ ሰዎች ያደረጉበትን፣ ከክቡ ውስጥ ደግሞ ያ ነገር ውስጡ የተከለውን እንዲጽፍ እሰጠዋለሁ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት የቤት ሥራ፦ «ዛሬ ምን ደበቅኩ? መደበቁ ምን አስከፈለኝ?» የሚመጣው መልስ ያስገርማል። የፍቅረኛውን ስም ስልኩ ላይ በሴት ስም መመዝገብ። ቤት ከመግባቱ በፊት በር ላይ ቆሞ ፎቶ ማጥፋት። ማዕድ ላይ የሠርግ ወሬ ሲነሳ እጅ ለመታጠብ መነሳት። አንዱ ብቻውን ትንሽ ነው። ሲደመር ግን ድካሙ ከየት እንደሚመጣ ሰውየው በዓይኑ ያየዋል። «ሰነፍ ነኝ ብዬ ነበር» ያለችኝ አለች፤ ዝርዝሯ ሁለት ገጽ ሞልቶ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት አለ፣ የሠለጠነ አማካሪም የሚሠራው። ተመካሪው «ሰዎች ቢያውቁ ይጠሉኛል» ሲል፣ «ይህ የተጋነነ አስተሳሰብ ነው» ብለን ልናርመው እንጣደፋለን። ላይሆን ይችላል። ፍርሃቱ እውነት ሊሆን ይችላል። አብራችሁ ለዩ፦ ከእነዚህ ሰዎች መካከል በእርግጥ የሚጎዳህ ማነው? ምን ማስረጃ አለህ? ከዚያ ደግሞ፣ አደጋ የሌለበት ቦታ ሆነህም ልብህ የሚመታው መቼ ነው? ለመጀመሪያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለሁለተኛው ቀስ በቀስ መለማመድ። ጆን ፓቻንኪስና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ የተቃኘ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ተመሳሳይ ፆታና ሁለቱንም ለሚያፈቅሩ ወጣት ወንዶች ሰጥተው፣ ድብርትና ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ችግር መቀነሱን በ2015 አሳይተዋል። ሙከራው ትንሽ ነበር፤ መንገዱን ግን ያሳያል።

8. «ለቤተሰቤ ልንገር?»

አትግፉ። አትከልክሉም። ነጻ መውጣት ማለት መናገር ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ያንን ሐሳብ ከበር ውጭ ተዉት። የሚከፍለው እሱ ነው።

መጀመሪያ ኑሮውን ጠይቁ። የቤት ኪራይ የሚከፍለው ማነው? የትምህርት ክፍያስ? ሰነዶቹ የት ናቸው? ያ ምሽት መጥፎ ቢሆን የት ያድራል? እነዚህ መልስ ካጡ መናገሩን ማቆየት ፍርሃት አይደለም፤ ብልኅነት ነው።

መናገር ከወሰነ ከአንድ ሰው ይጀምር። የቅርቡ ሳይሆን አደራ ጠባቂው ይመረጥ። ስለ ሌላ ሰው ወይም ስለ ዜና ወሬ አንስቶ አስቀድሞ ነፋሱን ይፈትሽ። በጠብ መሐል፣ በመጠጥ ላይ፣ ቤት ሙሉ እንግዳ ባለበት አይሁን። ንግግሩን እዚያው ክፍላችሁ ውስጥ ተለማመዱት። እናንተ አባት ሁኑና ቆጣ በሉ። እሱ ይመልስ። ዓረፍተ ነገሩ ከአፉ እስኪለምድ ድረስ ሦስት፣ አራት ጊዜ። ሲያበቃ ምን እንደሚያደርግም ይወስን፦ ማን ጋ ይደውላል፣ የት ይሄዳል።

ወላጆች ወደ እናንተ ቢመጡ በቁጣቸው ስር ፍርሃት እንዳለ አትርሱ። ኬትሊን ራያንና ባልደረቦቿ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ቤተሰባቸው በከባዱ የገፋቸው ወጣቶች ካልተገፉት ወይም በጥቂቱ ከተገፉት ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩበት ዕድል 8.4 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ለእናት ስነግራት እንደ ክስ አልነግራትም። «ልጅሽን የምታድኚበት ነገር በእጅሽ ነው» ብዬ ነው የምነግራት። አመለካከቷን ባንድ ሳምንት እንድትለውጥ አልጠይቃትም፤ ስድቡን ዛሬ እንድታቆም ነው የምጠይቃት።

9. «ቀይሩኝ» ሲል

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ልብ ይሰብራል። ሰውየው ጾሟል፣ ጸልዩልኝ ብሏል፣ ራሱን ቀጥቷል፤ አሁን የመጨረሻ ተስፋው እናንተ ናችሁ። እውነቱን ንገሩት። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2009 ጥናቶቹን መርምሮ፣ ዝንባሌን ለመቀየር የሚደረግ ጥረት እንደሚሠራ በቂ ማስረጃ እንደሌለ፣ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችልም ገልጿል። «አንዳንዶች ተለውጠዋል» የሚል ጥናት በ2003 ያሳተመው ሮበርት ስፒትዘር ራሱ በ2012 ይቅርታ ጠይቋል።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ «ስትለፋ ኖረህ ምን ያህል እንደደከመህ ይሰማኛል። ማንን እንደምትወድ ልቀይር አልችልም፤ እችላለሁ የሚል ሰው ካገኘህም ይጎዳሃል ብዬ እፈራለሁ። እንቅልፍህን፣ ጭንቀትህን፣ ራስህን መጥላትህን ግን አብረን ልንሠራበት እንችላለን።» ከዚያ ዝም እላለሁ። ብዙዎች ያለቅሳሉ። አንዳንዱ ተናዶ ይወጣል። በሩ ክፍት መሆኑን ንገሩት።

እምነቱን አትንኩበት። ከእምነቱና ከማንነቱ አንዱን እንዲመርጥ ማስገደድ የእናንተ ሥራ አይደለም። «አምላክህ በአንተ ዘንድ ምን ዓይነት ነው? ስትጸልይ ምን ትለዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ እምነቱን ይዞ ሰላም ያገኛል፣ አንዳንዱ ርቀት ያበጃል፣ አንዳንዱ ከጥያቄው ጋር ይኖራል። አካሄዱ የእሱ ነው።

10. ትራንስ ለሆኑ ተመካሪዎች

ስለ አካላቸው የማወቅ ጉጉታችሁን ያዙት። ለተነሳው ጉዳይ የማያስፈልግ ከሆነ ስለ ቀዶ ሕክምና አትጠይቁ። «እርግጠኛ ነሽ?» የሚለውን ከሁሉም ሰው ሰምተውታል። በ«መቼ ነው ቀለል የሚልሽ?» ተኩት።

ስም ትልቅ ነገር ነው። በ2018 የታተመ የስቲቨን ራስልና ባልደረቦቹ ጥናት፣ ትራንስ ወጣቶች በመረጡት ስም የሚጠሩበት ቦታ በአንድ በጨመረ ቁጥር (ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሥራ፣ ጓደኛ) ራስን የማጥፋት ሐሳብ በ29 በመቶ ቀንሶ እንደተገኘ አሳይቷል። የእናንተ ክፍል አንዱ ቦታ ይሁን። የሆርሞን ሕክምና ጥያቄ ካነሱ ጉዳዩን ወደሚያውቅ ሐኪም ምሯቸው፤ ሐኪም ሳያዝ በየጓዳው የሚገዛ መድኃኒት አደገኛ መሆኑንም ሳታስፈራሩ አስረዱ።

11. ስለ ሞት በቀጥታ ጠይቁ

«ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። አድበስብሳችሁ «መጥፎ ነገር አላሰብክም አይደል?» ካላችሁ መልሱ «አላሰብኩም» ይሆናል፤ ያንን ነው የጠየቃችሁት። አዎ ካለ፦ መቼ? እንዴት? የሚያደርግበት ነገር አሁን ቤቱ አለ? ያ ነገር ከቤት ይውጣ፤ ማን እንደሚያወጣው ዛሬውኑ ይወሰን። ከዚያ አብራችሁ ባጭሩ ጻፉ፦ ሲብስበት የሚያውቀው በምን ምልክት ነው፣ ብቻውን ምን ያረጋጋዋል፣ ማን ጋ ይሄዳል፣ የድንገተኛ ሕክምና የት ያገኛል። ወረቀቱ ምስጢሩን የሚያወጣ ቃል አይኑርበት፤ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራልና።

12. ስትሳሳቱ

ትሳሳታላችሁ። እኔ አንዲትን ሴት ሁለት ወር ከሠራን በኋላ «መጣህ?» ብያታለሁ፤ ደክሞኝ ነበር፣ ድምፅዋም ጉንፋን ይዞት ነበር። ያኔ ጥፋቴ ስህተቱ ብቻ አልነበረም። ይቅርታ እየደጋገምኩ፣ እንዴት እንዳፈርኩ እየነገርኳት፣ እሷ እኔን «አይዞህ» እስክትል አደረስኳት። ሰዓቷን ወሰድኩባት።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። «ይቅርታ፣ መጣሽ።» አንድ ጊዜ። ከዚያ ያቆምንበትን እቀጥላለሁ፦ «ያልሽኝ የእህትሽ ነገር እንዴት ሆነ?»